ለቀኑ ሙቀት፣ ለሌሊቱ ጨለማ፦ የአንዲት ሌፓርድ ጌኮ ማሞቂያ እንዴት እንደተስተካከለ

እንስሳዋ የአራት ዓመት ሴት ሌፓርድ ጌኮ ናት፤ በቤት የምትያዝ ትንሽ የእንሽላሊት ዝርያ። በደህናው ጊዜ 62 ግራም ትመዝን ነበር። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የቀረበች ዕለት ሚዛኑ 51 ግራም አሳየ። ጅራቷ ከአንገቷ ቀጥኗል፤ ሌፓርድ ጌኮ ስቡን የሚያከማቸው ጅራቱ ውስጥ ስለሆነ ይህ በዓይን የሚነበብ የረሃብ ምልክት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፌንጣ ሲቀርብላት እያየች ታልፋለች። ለመጨረሻ ጊዜ በበላች ማግስት ደግሞ ምንም ሳይፈጭ ቅርፊቱ እንዳለ የተመለሰ ትል መሸሸጊያዋ ደጃፍ ላይ ተገኝቷል። ከኋላ እግሮቿ ጣቶች በሁለቱ ላይ ያልወለቀ አሮጌ ቆዳ እንደ ቀለበት ተጣብቋል።

ሐኪሙ ኩሷን መርምሮ ጥገኛ ተሕዋስያን አላገኘም፤ እንቁላልም አልያዘችም። ሆዷ ላይ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀላ ያለና ቆዳው የሻከረ ቦታ አየ፤ ቃጠሎ ነው። የሚቀባ መድኃኒት አዘዘና ቤቷ በዲግሪ እንዲለካ አሳሰበ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የመለካት ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠቀስ። ምግብ እምቢ ያለችን ጌኮ ሁሉ በማሞቂያ ችግር መተርጎም አደገኛ ነው፤ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ የታሰረ እንቁላልና የአንጀት መዘጋት ተመሳሳይ መልክ አላቸው። በዚህ ጉዳይ ወደ ማሞቂያው የተዞረው እነዚያ ከተጣሩ በኋላ ነው።

የነበረው አደረጃጀት

ቤቷ 90 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ክዳኑ የሽቦ ወንፊት የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ስፋቱ አያስወቅስም። ማሞቂያዎቹ ሦስት ነበሩ፦ በግራ በኩል ቀን የሚበራ 100 ዋት ነጭ አምፖል፤ ከጎኑ ማታ የሚተካው 60 ዋት ቀይ አምፖል፤ በዚያው በግራ በኩል ከመስታወቱ ወለል ሥር የተለጠፈ 16 ዋት የማሞቂያ ምንጣፍ፣ ሃያ አራት ሰዓት ሶኬት ላይ የተሰካ። ቴርሞስታት (ሙቀቱን በተፈለገው ዲግሪ የሚይዝ መቆጣጠሪያ) ለአንዱም አልነበረም። ከወለሉ በላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የአሸዋና የአፈር ድብልቅ ተነጥፏል። ሙቀቱ የሚነበበው ከኋላ መስታወት ላይ፣ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከተለጠፈ ባለ ቀስት ቴርሞሜትር ነው።

ያ ቴርሞሜትር ቀን 29 ዲግሪ፣ ማታ 27 ዲግሪ ያሳያል። አሳዳጊዋ ያነበቡት መጽሐፍ ደግሞ ከ27 እስከ 30 ይላል። ስለዚህ ከሙቀት በስተቀር ሁሉንም ነገር ጠረጠሩ። ምግቡን ቀየሩ፣ ቫይታሚን ጨመሩ፣ መሸሸጊያዎቹን አዘዋወሩ። ሊወቀሱ አይገባም። የተሰጣቸው ቁጥር ልክ ነው፤ የተለካው ቦታ ነው የተሳሳተው።

መለኪያው ምን አገኘ

ለልኬቱ ሦስት ዕቃ በቃ፦ የገጽን ሙቀት የሚያነብ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር (በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ሽጉጥ የሚታለመው)፣ ገመድ ላይ ሴንሰር ያለውና ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ እንዲሁም የእርጥበት መለኪያ። የኢንፍራሬዱን መሣሪያ በመስታወት ውስጥ አሻግሮ ማንበብ አይቻልም። የሚለካውን ጨረር መስታወቱ ስለሚያስቀረው የሚነግረን የመስታወቱን ሙቀት ነው። ክዳን ተከፍቶ፣ ከሚለካው ነገር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቀርቦ ይታለማል፤ ከራቀ የሚያየው ክብ እየሰፋ አጠገቡ ያለውን ቀዝቃዛ አፈር ይቀላቅላል።

ቀን 9 ሰዓት ላይ፣ አምፖሉ ከበራ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ የተገኘው ይህ ነው። ከአምፖሉ ሥር ያለው አሸዋ ገጹ 47 ዲግሪ። ከእሱ ሁለት ጣት ፈንጠር ብሎ በፕላስቲክ የተሠራው የሙቀት መሸሸጊያ ውስጡ 25። በቀኝ፣ በቀዝቃዛው ጫፍ 24። ይህ ማለት እንስሳዋ የምትመርጠው በሚያቃጥልና በማያሞቅ መካከል ብቻ ነው። ሌፓርድ ጌኮ ምግቡን በደንብ እንዲፈጭ ሆዱን የሚያሳርፍበት ገጽ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ ግን 33 ዲግሪ የሆነ፣ ሰውነቷን የሚያስተኛ ቦታ አንድም አልነበረም። ከ47ቱ ክብ ዳር ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀለበት ይኖራል፤ በዚያ ላይ መተኛት አይቻልም። የተዋጠው ትል ሳይፈጭ የተመለሰው ለዚህ ነው።

ከዚያ አፈሩ እስከ መስታወቱ ተቆፈረ። ከምንጣፉ በላይ፣ ከ6 ሴንቲ ሜትር አፈር ሥር፣ የመስታወቱ ገጽ 46 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። አፈሩ ምንጣፉን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ሙቀቱ ወደ ላይ መውጫ ስላጣ ከሥር ተከማቸ፣ ላይኛው ገጽ ደግሞ አልሞቀም። እዚያው ጥግ ላይ የጌኮዋ ጉድጓድ ነበር፣ እስከ መስታወቱ የደረሰ።

የሆዷ ቃጠሎ ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ መታየት ያለበትም ነው። በዱር፣ በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅ ድንጋያማ አገር፣ ምድሩ ሲግል ጌኮ ወደ ታች ይቆፍራል ወይም ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይበርድለታል። ይህች ጌኮ ከ47 ዲግሪ ለመሸሽ ተፈጥሮዋ ያስተማራትን አደረገች፤ የቆፈረችው ግን ወደ 46 ዲግሪ ነው። ከላይ የሚመጣን ግለት ፈጥነው የሚሸሹ ተሳቢዎች ከሥር የሚመጣውን ግን ሰውነታቸው እስኪጎዳ ድረስ ተኝተውበት ሊቆዩ ይችላሉ። ቴርሞስታት የሌለው የማሞቂያ ምንጣፍ ወፍራም አፈር ሥር መኖሩ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከተገኙት ስህተቶች እጅግ የከፋው ነው።

ሌሊቱስ? ከቀዩ አምፖል ሥር ያለው አፈር 36 ዲግሪ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ቀን መሞቅ የሚገባው ቦታ ሌሊት ይሞቃል፤ እሷ ግን አልተጠቀመችበትም፤ ምክንያቱም አምፖሉ ይበራል።

ስለ ቀይ ብርሃን

«ጌኮ ቀይ አያይም» የሚለው አባባል የቀይ አምፖል ገበያ መሠረት ነው፤ የሌሊት አምፖል ለተባለው ሐምራዊና ሰማያዊም እንዲሁ። የጌኮ ዓይን ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይናገራል። ጌኮዎች ቀን ከሚንቀሳቀሱ እንሽላሊቶች የመጡ ናቸው፤ ሌሊት ለማየት የሚያገለግሉት ሕዋሳት ከዓይናቸው ጠፍተው፣ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት ትልልቅና ለብርሃን እጅግ ንቁ ሆነዋል። በ2004 የታተመ ጥናት ሄልሜት ጌኮ የተባለው ዝርያ ሰው ቀለም መለየት በማይችልበት ደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን ውስጥ ቀለም እንደሚለይ በሙከራ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ዓይን ላለው እንስሳ 60 ዋት አምፖል፣ ቀይም ቢሆን፣ ጨለማ አይሆንም።

አሳዳጊዋ የሚያስታውሱት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቀዩ አምፖል ከገባ ወዲህ ጌኮዋ ማታ ወጥታ የምትቆይበት ጊዜ አጥሮ ነበር፤ ስትወጣም በቀኝ ጥግ በኩል፣ ብርሃኑ በማይደርስበት ነበር። ሌፓርድ ጌኮ ዋና እንቅስቃሴው ሲመሽና ሊነጋ ሲል ነው። ምሽቱ ካልመጣ አደኑም አይመጣም።

መጀመሪያ የተወሰነው፦ ምንም አለመግዛት

አሳዳጊዋ ለቀዩ አምፖል ምትክ ወዲያው ሊገዙ ነበር። የቀረበላቸው ምርጫ ሦስት ነው፦ ሴራሚክ ማሞቂያ (እንደ አምፖል መያዣ ላይ የሚገጠም)፣ ዲፕ ሂት ፕሮጀክተር (ጠለቅ የሚል የሙቀት ጨረር የሚሰጥ፣ እንደ አምፖል የሚገጠም)፣ ወይም ቴርሞስታት የተገጠመለት ምንጣፍ። ሦስቱም ብርሃን የላቸውም፣ ሦስቱም ይሠራሉ። ነገር ግን የትኛውም ከመመረጡ በፊት አንድ ጥያቄ አልተመለሰም፦ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሲታደር ሳጥኑ ውስጥ ስንት ዲግሪ ይሆናል?

የቀንና የሌሊት ማሞቂያ እንደ ጫማ ጥንድ አብረው የሚገዙ አይደሉም። የቀኑ ማሞቂያ ሥራው ሰውነትን አሙቆ ምግብ ማስፈጨት ነው፤ ሁልጊዜም ያስፈልጋል። የሌሊቱ ሥራ ሙቀቱ ከተወሰነ ዝቅተኛ መጠን በታች እንዳይወርድ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ራሱ ያንን ከጠበቀ አያስፈልግም። ጤነኛና ጎልማሳ ሌፓርድ ጌኮ ቀን በደንብ ከሞቀ ሌሊት እስከ 18 ዲግሪ ሲወርድ አይጎዳም፤ እንዲያውም በትውልድ አገሩ የለመደው ቀንና ሌሊት የሚለያይበትን ነው።

ጌኮዋ ታማ ስለነበር ለሁለት ሌሊት ወደ ፕላስቲክ ሳጥን ተዛወረች፤ የወረቀት ፎጣ ተነጥፎላት፣ ያው 16 ዋት ምንጣፍ ከሳጥኑ አንድ ሦስተኛ ሥር ሆኖ፣ አሁን ግን በቴርሞስታት 31 ዲግሪ ላይ ተይዞ። አፈር ለቃጠሎ ቁስል አይሆንም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ኩሷም ወዲያው ይታያል።

ባዶው ቤት ውስጥ ሁለት ሴንሰር ቀረ፦ አንዱ በቀዝቃዛው ጫፍ ወለል ላይ፣ ሌላው በሙቀቱ በኩል መሸሸጊያው ውስጥ። ሦስተኛ ከሳጥኑ ውጪ ክፍሉ ውስጥ። በሁለቱ ሌሊቶች ክፍሉ ዝቅ ያለው ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ 18.2 እና 18.6 ዲግሪ። የሳጥኑ ቀዝቃዛ ጫፍ ከክፍሉ ከፍ ያለው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ወንፊት ክዳን ያለው ባዶ የመስታወት ሳጥን ሙቀት አያሳድርም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የክፍሉን ቁጥር ብቻ አንብቦ የሳጥኑን ይገምታል።

ስለዚህ መልሱ ሁለት ክፍል ሆነ። ስትድን ማታ ማሞቂያ አያስፈልጋትም፣ ወይም በጣም በሚበርድ ሌሊት ብቻ ያስፈልጋታል። አሁን ግን ከስታለች፣ ሆዷ ደካማ ነው፤ እስክታገግም ሌሊቱ ከ22 ዲግሪ እንዳይወርድ ተወሰነ። ልዩነቱ አራት ዲግሪ ነው። የሚገዛው ማሞቂያ ይህን አራት ዲግሪ የሚሞላ እንጂ ሌላ ጸሐይ አይደለም።

የቀኑ ማሞቂያ

ለቀን የተመረጠው ሃሎጅን አምፖል ነው፣ ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ የሚበትነው ዓይነት። ሃሎጅን ከሚሰጠው ሙቀት ጉልህ ድርሻው አጭር ሞገድ ያለው ኢንፍራሬድ ነው፤ ይህ ከቆዳ አልፎ ወደ ሥጋው ይገባል፣ እንደ ፀሐይ። ሴራሚክና ምንጣፍ የሚሰጡት ረጅም ሞገድ ግን የቆዳውን ላይ ብቻ ያሞቃል፤ ሰውነት ውስጥ የሚደርሰው ቀስ እያለ ነው። «ሌሊት ለሚንቀሳቀስ እንስሳ ፀሐይ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሌፓርድ ጌኮ ቀን ከስንጥቁ ደጃፍ ጅራቱን ወይም ጀርባውን አውጥቶ ይሞቃል፤ ፀሐይ ያጋለችው ድንጋይ ላይም ሲመሽ ሆዱን ያሳርፋል። ሃሎጅን ሁለቱንም ይሰጣል፤ እንስሳውንም፣ ድንጋዩንም ያሞቃል።

ድንጋዩ እዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ከአምፖሉ ሥር 30 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተደረገ፤ በሦስት ጎን ትንንሽ ድንጋዮች ተደግፎ ከሥሩ መሸሸጊያ እንዲሆን። ድጋፎቹ የቆሙት መስታወቱ ላይ እንጂ አፈሩ ላይ አይደለም። ጌኮ ከሥር ሲቆፍር ድንጋይ ይወርድበታልና ይህ መዘንጋት የለበትም። የመሸሸጊያው ከፍታ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባዋ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ሙቀቱን ከላይ ትቀበላለች፣ ተደብቃም ትተኛለች። የፕላስቲኩ መሸሸጊያ 25 ዲግሪ የነበረው ፕላስቲክ ሙቀት ስለማያሳልፍ ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው 75 ዋት ነው፣ ከድንጋዩ 28 ሴንቲ ሜትር ላይ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ 41 ደረሰ። የአምፖሉን ኃይል በዲመር (በብርሃን መቀነሻ) ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሃሎጅን በጣም ሲደበዝዝ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ የአጭር ሞገዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ለዚያም ነው አነስ ያለ አምፖል በሙሉ ኃይሉ አቅራቢያ ማሠራት የሚሻለው። 50 ዋት ገባ። ድንጋዩ 36 ላይ ቆመ፤ በቴርሞስታት ወደ 34 ወረደ። ከድንጋዩ ሥር መሸሸጊያው 31.5፤ የሳጥኑ መሃል 27፤ ቀዝቃዛው ጫፍ 24። ይህ የተፈለገው ተዳፋት ነው፤ ከ34 እስከ 24 በየደረጃው፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የምትተኛበት ቦታ ያለው።

ቴርሞስታቱ ብርሃን የሚያደበዝዘው ዓይነት ነው፣ ኃይሉን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚይዝ። የሚያበራና የሚያጠፋ ተራ ቴርሞስታት ሃሎጅን ላይ ከተገጠመ አምፖሉ በየጥቂት ደቂቃው ይጠፋል ይበራል፤ በምት የሚሠራው (ኃይሉን በአጭር በአጭሩ እየቆራረጠ የሚሰጠው) ዓይነት ደግሞ ያብለጨልጨዋል። እንስሳው ይታወካል፣ አምፖሉም ዕድሜው ያጥራል። መብራቱ በታይመር ጠዋት 1 ሰዓት በርቶ ማታ 1 ሰዓት ይጠፋል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨለማ።

የቴርሞስታቱ ሴንሰር ያለው ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ነው። በአምፖሉ ጨረር ውስጥ ያለ ሴንሰር ራሱ ስለሚሞቅ የሚያሳየው ቁጥር የድንጋዩ ቁጥር አይደለም። በዚህ ቤት ቴርሞስታቱ 37 ላይ ሲደረግ ነው ድንጋዩ በኢንፍራሬድ ሲለካ 34 የሆነው። ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈው የመሣሪያው ጉዳይ ነው፤ የሚታመነው እንስሳዋ የምትተኛበት ገጽ ነው።

የሌሊቱ ማሞቂያ

ለአራት ዲግሪ ሴራሚክ ተመረጠ። ዲፕ ሂት ፕሮጀክተር የተሻለ ጨረር ይሰጣል፤ ክፍሉ ወደ 12 ወይም 13 ዲግሪ የሚወርድ ቢሆን እሱ ይመረጥ ነበር። እዚህ የሚፈለገው ግን አየሩን በጥቂቱ ማንሳት ስለሆነ፣ ሴራሚኩ ይበቃል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው።

ዋቱ ሲመረጥ የተጠየቀው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ ነው፦ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ በርቶ ቢቀር ምን ይሆናል? ባዶው ሳጥን ላይ ባለ 100 እና ባለ 60 ዋት ሴራሚኮች ሁለቱም ያለ ቴርሞስታት ለአራት ሰዓት ተሞከሩ። 100 ዋቱ የሙቀቱን ጎን አየር 37 አደረሰው፣ ቀዝቃዛው ጫፍም 30 ደረሰ፤ መሸሻ የለም። 60 ዋቱ የሙቀቱን ጎን 28፣ ቀዝቃዛውን 23 አደረሰ። በ60 ዋት ቴርሞስታቱ ቢከዳ ጌኮዋ የሚያጋጥማት ሞቃት ሌሊት ነው፤ በ100 ዋት ግን ሊገድላት ይችላል። በተለመደው ሌሊት ደግሞ 60 ዋቱ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ሠርቶ 22ን ይይዛል፤ ይህም ትክክለኛ መጠን መሆኑን ያሳያል። ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ የሚሠራ ማሞቂያ አንሷል፤ ለአፍታ በርቶ ለረጅም ጊዜ የሚጠፋ በዝቷል።

አገጣጠሙ ላይ የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ሴራሚክ ማሞቂያ ገጹ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን የአምፖል መያዣው ፖርስሊን መሆን አለበት፤ ፕላስቲክ መያዣ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ክዳኑ ብረት ወንፊት እንጂ የፕላስቲክ መረብ መሆን የለበትም። መጋረጃ፣ ወረቀትና እንጨት በዙሪያው ከ30 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት አይኑር። ስለማይበራ የጠፋ ይመስላል፤ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሊነገር ይገባል።

የሌሊቱ ቴርሞስታት ከቀኑ የተለየ ነው፣ ሴንሰሩም ሌላ ቦታ ነው፤ በሳጥኑ መሃል፣ ከወለል 3 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ጌኮዋ በምትሄድበት ከፍታ። ድንጋዩ ላይ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት የቆየው የድንጋዩ ሙቀት ያታልለው ነበር።

ዘጠነኛው ቀን

ጌኮዋ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ሆዷ መዳን ሲጀምር፣ በወረቀት ወለል ነው። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አምፖሉ ከወትሮው ደምቆ ታየ። ድንጋዩ ሲለካ 36 ዲግሪ። ሴንሰሩ ከድንጋዩ ጠርዝ ወርዶ በቀዝቃዛው በኩል ወረቀቱ ላይ ተገኘ፤ በመምጠጫ ጎማ ተለጥፎ የነበረው ሙቀቱ አላልቶት፣ እሷም በአጠገቡ ስታልፍ ጎትታው። ቴርሞስታቱ 25 ዲግሪ ያነባል፣ «በርዷል» ይላል፣ ሙሉ ኃይል ይሰጣል።

አምፖሉ አስቀድሞ በልክ የተመረጠ ስለነበር ጉዳቱ በጥቂት ዲግሪ ተወሰነ፤ የቀድሞው 100 ዋት አምፖል ቢሆን ኖሮ ሌላ ቃጠሎ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሴንሰሩ በቡሽ ቁራጭ ውስጥ አልፎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከአንዱ ድጋፍ ድንጋይ ጋር ታሰረ፣ ገመዱም በጥግ በኩል ወጣ። መምጠጫ ጎማ ሴንሰር አይይዝም፤ ሻጩ በሳጥኑ ውስጥ ስላስገባው ብቻ የሚታመን አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ከ38 በላይ ሲሆን የሚጮህ፣ ከቴርሞስታቱ ጋር ያልተያያዘ ራሱን የቻለ ቴርሞሜትር ተጨመረ።

ሌላ ያልተጠበቀ ነገርም ነበር። ሴራሚኩ ሌሊቱን አየሩን ያደርቃል። ለቆዳ መጣል የሚያገለግለው እርጥብ መሸሸጊያ ውስጥ ያለው ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ጠዋት ሲዳሰስ ጠርዙ ደርቆ ይሰባበር ጀመር፤ እርጥበቱም ከ75 በመቶ ወደ 45 ወርዶ ነበር። ጣቶቿ ላይ ቆዳ የተጣበቀባት እንስሳ ናት። መሸሸጊያው ከሴራሚኩ ሥር ወጥቶ ወደ መሃል ተዛወረ፣ ክዳን ተደረገለት፣ ሞሱ በየሁለት ቀኑ ማታ ለብ ባለ ውሃ ይረጥባል። የቀረው የሳጥኑ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ሆኖ ቆየ፤ ያ ለዚህ ዝርያ ልክ ነው።

እንዴት አገገመች

ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ለአራት ቀን ምግብ አልቀረበላትም፤ ሆዷ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ እንዲወጣ። በአምስተኛው ቀን ጠቆር ያለ፣ ነጭ ጫፍ ያለው ኩስ ተገኘ። በስድስተኛው ቀን ማታ አንዲት ትንሽ ፌንጣ፣ ከዓይኖቿ መሃል ከሚገኘው ርቀት የማትበልጥ፣ ቀረበላት፤ አልበላችም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በላች። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። የከሳችን ጌኮ በአንድ ጊዜ ማጥገብ ያስመልሳታል። የሚመዘነው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከመብላቷ በፊት።

በአራተኛው ሳምንት 54 ግራም። በአምስተኛው ቆዳዋን ጣለች፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጣቶቿ ሳይቀር ወለቀ። የተጣበቁት አሮጌ ቀለበቶች ቀድሞ በሐኪሙ እጅ ለብ ባለ ውሃ ተነክረው ስለወጡ ከሁለቱ ጣቶች አንዱ ብቻ ጫፉን አጥቷል። በአሥረኛው ሳምንት 59 ግራም።

በስምንተኛው ሳምንት የሌሊቱ ቴርሞስታት ከ22 ወደ 20 ወረደ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 18። በአንድ ቀን አልወረደም፤ በየደረጃው ሁለት ሳምንት ተቆይቶ፣ መብላቷና ኩሷ ታይቶ ነው። 18 ላይ ከተደረገ ወዲህ ሴራሚኩ በአብዛኛው ሌሊት አይሠራም። ከሶኬት ግን አልተነቀለም፤ ድንገተኛ ብርድ ቢመጣ ዝግጁ ነው። የማሞቂያ ምንጣፉም አልተጣለም፤ ከቴርሞስታቱ ጋር ለሕመም ጊዜ ሳጥን ተቀምጧል። የተጣለው ቀዩ አምፖል ነው።

አሁን የሚደረገው ቁጥጥር አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ መብራቱ ከበራ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ድንጋዩ፣ መሸሸጊያውና ቀዝቃዛው ጫፍ በኢንፍራሬድ ይለካሉ። አምፖል ሲቀየር፣ ያው ዋት ቢሆንም፣ ልኬቱ ከመጀመሪያ ይደገማል፤ የብርሃኑ አከፋፈል ከአምፖል አምፖል ይለያልና። ወቅት ሲለወጥ የክፍሉ የሌሊት ዝቅተኛ ቁጥር በድጋሚ ለሦስት ሌሊት ይመዘገባል።

ማታ 1 ሰዓት መብራቱ ሲጠፋ ድንጋዩ 34 ዲግሪ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 30፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 25 ይሆናል። ጌኮዋ መብራቱ በጠፋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሥሩ ትወጣና ድንጋዩ ላይ ሆዷን ለጥፋ፣ አራት እግሮቿን ዘርግታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ትተኛለች። ድንጋዩ ወደ 28 ሲወርድ ትነሳለች፤ ሳጥኑን በጥግ በጥጉ እየዞረች ማደን ትጀምራለች።